ልምምድ በገዛ ሰፈርሽ ሲሆን

እህቴ፣ ለሶሻል ወርክ (ለማኅበራዊ ሥራ) ትምህርትሽ ልምምድ የወጣሽው ባደግሽበት ሰፈር ስለሆነ አክስትሽ የባለጉዳዮችሽን ነገር እየጠየቀች አስቸግራሻለች፤ ሳላስቀይማት እንዴት ባለሙያ ልሁን ነው ያልሽው።

ጥያቄሽ ትልቅ ነው። ዓለም አቀፉ የሶሻል ወርከሮች ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የሥነ ምግባር መርህ ውስጥ ምስጢር መጠበቅ አንዱ ነው። ለፈተና ማጥናቱ ቀላል ነው። ጎንደር ላይ ግን ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ስሙን ባትጠሪ እንኳ «ሦስት ልጅ ያላት፣ ጠላ የምትሸጠው» ካልሽ አለቀ፣ ታወቀች። ስለዚህ ለአክስትሽ በግማሹ አትንገሪያት። «እትዬ፣ የሥራ ነገር ነው፤ የአንቺም ቢሆን ለሌላ አልናገርም» በያት። ትረዳሻለች።

ሌላው ሰላምታ ነው። ፒያሳ ላይ ባለጉዳይሽን ብታገኚያት ሮጠሽ አትሳሚያት፤ አብሯት ያለው ሰው ከየት ታውቂያታለሽ ሊላት ይችላል። ዝም ብለሽ ማለፍም በእኛ አገር ነውር ነው። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ነው፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ አንቺ ሰላም ካላልሽኝ እኔ አልልሽም፤ ኮርቼ አይደለም።» በዚያው ቀን የምስጢርን ወሰንም ንገሪያት። ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ ዝም ማለት አትችዪም፤ ይህን ቀድማ ልታውቅ መብቷ ነው።

ቡና ካፈሉልሽ ጠጪ። ብር ወይም ማር ከሰጡሽ ግን አመስግነሽ መልሺ።

ባለጉዳይዋ ዘመድሽ ከሆነች ደግሞ ፋይሉን ሳትከፍቺ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ፤ ለሌላ ተማሪ ይዛወር።