«ብሬክ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል፦ ጠይቁኝ

መስበር የምትለዋን ነው፣ የመኪናውን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ድምፁ ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከየት መጣች?

መልስ፦ ከድሮው እንግሊዝኛ «ብሬካን»። ጀርመኖቹ «ብሬኸን» ይላሉ። የላቲኑ «ፍራንጌሬ»ም የአንድ አያት ልጅ ነው፤ ሐኪም የአጥንት ስብራትን «ፍራክቸር» ሲላችሁ የአክስቷን ልጅ ነው የጠራው። «ብ» እና «ፍ» የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፣ «ብራዘር» እና የላቲኑን «ፍራተር» እዩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፍሬንም ከ«ፍራንጌሬ» ነዋ?

መልስ፦ ኧረ! አሁን ምን አልኩ? ፍሬን የጣሊያኑ «ፍሬኖ» ነው፣ ሥሩ የፈረስ ልጓም።

ጥያቄ፦ የሻይ እረፍቱ «ቲ ብሬክ»ስ? ምኑ ተሰበረ?

መልስ፦ ሥራው።

ጥያቄ፦ ቁርስን ለምን «ብሬክፋስት» አሉት?

መልስ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር! «ፋስት» ጾም ነው፤ የሌሊቱን ጾም መግደፍ በሉት። የኛ ቁርስ ደግሞ ከ«ቆረሰ» ነው። እነሱ ጾሙን ሰበሩ፣ እኛ እንጀራውን ቆረስን፣ ማንም ከማንም ሳይቀዳ። እንደ አውሮፓውያን በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ ማቴዎስ 26፥26፣ ኢየሱስ እንጀራውን ባርኮ መቁረሱን «ብሬክ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ያኔ ኃላፊ ጊዜው እንደዚያ ነበር፣ ዛሬ «ብሮክ» ሆኗል። የኛው እዚያው ቦታ «ቈርሶም» ይላል።

ጥያቄ፦ «ብሮክ ነኝ» ሲሉስ?

መልስ፦ ኪሴ ባዶ ነው ማለት ነው። ቀጥሉ።

አንድ አባል፦ ሰበር ዜና የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ዜና እንዴት ይሰበራል? ትኩስ ዜና ቢባል ምን ነበረበት?

ሌላ አባል፦ ለምደነዋል፣ ተወው። ሰበር ሰሚ ችሎትም አለ እኮ፣ እሱንም ልትቀይር ነው?

አንድ አባል፦ ሁለቱም የፈረንጅ ግልባጭ ነው!

መልስ፦ ቆይ፣ አትደባልቁ። ችሎቱ የሚሄደው ከፈረንሳይኛው «ካሳሲዮን» ጋር ነው፤ «ካሴ» መስበርም ነው፣ ፍርድ መሻርም ነው። ስለዚህ ችሎቱ በእርግጥ የሚሰብረው ነገር አለው። ዜናው ግን የእንግሊዝኛው «ብሬኪንግ ኒውስ» ግልባጭ ነው፣ ምንም አይሰብርም። የእንግሊዝኛው «ብሬክ» ድንገት ብቅ ማለትም ነው፣ ንጋትን «ደይብሬክ» ይሉታል። አማርኛው «ሰበረ» ይህ ትርጉም የለውም፤ ጎህ ቀደደ እንጂ ጎህ ሰበረ ያለ ሰው ሰምታችኋል? ግን ሰበር ዜና ገብቶ ተቀምጧል፣ እኔም ሳላስበው እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ የከሰረውን የሚሉት «ባንክራፕት»ስ?

መልስ፦ ጣሊያንኛ ነው፣ የተሰበረ አግዳሚ። ግን ያ «ራፕት» የ«ራፕቸር» (መቀደድ፣ መፈንዳት) ወገን ነው፣ ሌላ ቤተሰብ። ድምፁን አትከተሉ አልኩ።

ጥያቄ፦ ባጭሩ ግን ብሬክ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። የመኪና ፍሬን ከዚህ ነው የመጣው?

መልስ፦ ልጓም! ልጓም ነው ያልኩት!