«የጠፉትን ዓመታት ለመካስ እየሮጥኩ ነው»

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ዕድሜዬ 26 ነው፤ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የብድር ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው።

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ቡድን መሪ ሆኜ እንድሄድ ነው። ሥራው ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን ሪፖርት ማጠናቀር ነው። አሁን እጄ ላይ የሚደርሰኝ 14,500 ብር ነው። እዚያ 25,000 ይሆናል። ሐምሌ 1 ይጀመራል፤ መልስ እስከ ሰኔ 15 ስጪ ተብያለሁ። አለቃዬ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ለአንድ ክፍል ቤት 9,000 ብር ትከፍላለች። ለእናቴ በየወሩ 4,000 ብር እሰጣታለሁ።

ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን የማስተርስ ትምህርት አለኝ። ጓደኞቼ እሑድ እሑድ ሐይቅ ሄደው ዓሣ ይበላሉ፤ እኔ ክላስ ቁጭ ብዬ ፎቷቸውን አያለሁ። «ተዝናኚ እንጂ፣ ስታረጂ ምን ልታደርጊበት ነው?» ይሉኛል። አክስቶቼ ደግሞ የትዳር ነገር ያነሳሉ። እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ቆሜ ጠጥቼ እወጣለሁ። «ቶናውን እንኳ አትጠብቂም?» ትለኛለች። በረካ ድረስ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወር መጨረሻ ሲሆን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢሮ እንቆያለን። የዓመት ፈቃድ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ለምን እንደምሮጥ ልንገርዎት። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኮሮና መጣ፤ በመጋቢት 2012 ወደየቤታችሁ ተባልን። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ የእናቴ ሱቅ ባዶ ነው። ከ20 እስከ 23 ያለው ዕድሜዬ የት እንደገባ አላውቅም። አሁን የጠፉትን ዓመታት ለመካስ እየሮጥኩ ነው። ግን እየሮጥኩ ሳለ የቀሩትም እያለቁብኝ መሰለኝ።

ሥራዬን አልጠላውም። ባለፈው ለሥራ ቢስቲማ ወደምትባል ቦታ ወርጄ ነበር። አንዲት እናት ከሁለት ዓመት በፊት በብድር አምስት በግ ገዝተው ነበር። አሁን አሥራ አራት ደርሰዋል። ብድሩን ከቀኑ ቀድመው ጨርሰዋል። «አንቺ ፎርሙን ስትሞይልኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ በጎቹን ቁጠሪልኝ» አሉኝ። ቆጠርኳቸው። አንዷ ግልገል አልያዝ ብላ ግቢውን ስታዞረኝ ልጆቹ ሳቁብኝ። ቡና አፈሉ፤ መኪናው እየጠበቀኝ ዱዓ እስኪያደርጉልኝ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ተቆጣኝ። ግድ አልሰጠኝም።

ዕድገቱን ልያዝ ወይስ ትንሽ ልኑር? ምን ይሉኛል?

የ26 ዓመቷ፣ ከደሴ

መልስ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዲሱን ሥራ የገለጽሽው በአንድ መስመር ነው፤ «ሪፖርት ማጠናቀር»። ሌላ አልጨመርሽም። ቢስቲማ ላይ ስትደርሺ ግን ብዕርሽ ተፈታ። በጎቹን ቆጠርሽ፣ ግልገሏን አባረርሽ፣ የሾፌሩን ቁጣ ሳይቀር ጻፍሽ። ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እናትሽ ቤት ለበረካ የማትቀመጪው ልጅ፣ ቢስቲማ ላይ መኪና አስቁመሽ ተቀምጠሻል።

አንቺ ሥራን በአንድ ወገን፣ ደስታን በሌላ ወገን አድርገሽ ሚዛን ላይ አስቀምጠሻል። በደብዳቤሽ ውስጥ ከልብ የሳቅሽበት አንድ ቀን ቢኖር ግን የሥራ ቀን ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሰጥሽ ወንበር ከዚያ ቀን ያርቅሻል። የቢስቲማዋ እናት በሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ሆነው ነው የሚደርሱሽ። ዕድገት ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ግን ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ጭማሪው 10,500 ብር ነው። የጓደኛሽን ዓይነት ክፍል ብትከራዪ 9,000ው ይሄዳል። ቀሪው 1,500 ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ የምትይዢ ከሆነ እሱም አይበቃም። ዛሬ የምትበይው የእናትሽን እንጀራ ነው፤ እዚያ ጤፉም ዘይቱም ካንቺ ኪስ ነው። ታዲያ ለእናትሽ የምትልኪው 4,000 ሲወጣ ምን ይቀርሻል? ለደንበኛ ብድር ከመፍቀድሽ በፊት ገቢና ወጪውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ይህን ሒሳብ ሌላ ሰው ይዞልሽ ቢመጣ ትፈቅጅለት ነበር? እኔ አልፈቅድም።

የአክስቶችሽን ነገር እዚህ አላነሳም። እነሱ ሁልጊዜም አሉ።

ከሁሉ በላይ ልቤ ላይ የቀረው «የጠፉትን ዓመታት ለመካስ» ያልሽው ነው። ይህን የምትይው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የእህቴ ልጅ ካንቺ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ እሷም ትለዋለች። ሰኞ ገበያ ልብስ የሚሸጥልኝ ልጅም ይለዋል። በእናንተ ዕድሜ ያለ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልዲያ፣ የቆቦ ልጅ ሁሉ ሃያን የተሻገረው በኮሮናና በጦርነት መካከል ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ይስታል፣ ይወዳል፣ ሥራ ይቀያይራል፣ ይሰለቻል። እናንተ ለመሰልቸት እንኳ ጊዜ አላገኛችሁም።

ግን አስቢው። አንቺ የብድር ሰው ነሽ። ውዝፍ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ውዝፍ የሚኖረው ተበዳሪ ወስዶ ሳይከፍል ሲቀር ነው። አንቺ እነዚያን ዓመታት መቼ ወሰድሽ? ተወሰዱብሽ እንጂ። ያልተበደርሽውን ብድር ነው ከነወለዱ እየከፈልሽ ያለሽው። የምትከፍይውም በቅዳሜሽ፣ በእሑድሽ፣ በእናትሽ ቶና ነው። በ28 ዓመትሽ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ከ20 እስከ 23 ያለው ተመልሶ አይመጣም። በየሳምንቱ ሐይቅ ብትሄጂም አይመጣም። ጓደኞችሽ በሌላ መንገድ ይህንኑ እያደረጉ ይመስለኛል። ላለፈው ማልቀስ ይፈቀድልሻል። በሩ ተሰብሮ ያገኘሽውን ቤት፣ ባዶ የሆነውን ሱቅ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውርታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ እንጃ፣ አቦሉን ቆመሽ እየጠጣሽ የምታወሩት አይመስለኝም።

የራሴንም ልንገርሽ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት እንወርዳለን። ደሴ በጉም ተሸፍና ሹራብ ለብሰን እንነሳለን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡን አውልቀን በእጃችን ይዘን እንገባለን። በ1986 አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። 24 ዓመቴ ነበር። መሄዴን እስከ ዛሬ አልቆጭበትም። በዚያ ደመወዝ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ፤ ወንድሜን አስተምሬያለሁ። አትሂጂ የምልሽ አዲስ አበባን ፈርቼ አይደለም። የኔ ሒሳብ ያኔ ያዋጣ ነበር፤ ሥራውም የምወደው ዓይነት ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በጥር 1989 ታናሽ እህቴ ተዳረች። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ «የስድስት ወር ሒሳብ ሳይዘጋ የት ትሄጃለሽ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቅዳሜ ማታ ደርሼ እሑድ ሠርጉን አየሁ፤ ሰኞ ጠዋት ተመለስኩ። ከሠርጉ በፊት ባሉት ማታዎች ሴቶቹ ተሰብስበው እንሶስላ ሲሞቁ አልነበርኩም። እህቴና የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ የዚያን ጊዜ ጨዋታ ያነሳሉ። አንዷ ትጀምረዋለች፣ ሌላዋ ሳታስጨርሳት ትስቃለች። እኔ «ምን ሆኖ ነበር?» ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ያ የሒሳብ መዝገብ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መዝገቡን የዘጋሁበት ወንበርም በ1997 በመዋቅር ለውጥ ታጥፎ እኔም ወደ ደሴ ተመለስኩ። የሚያንገበግበኝ ግን መከልከሌ ሳይሆን ዝም ማለቴ ነው። በጽሑፍ መጠየቅ እንደምችል እንኳ አላሰብኩም ነበር።

አንቺ ግን ዝም አትበይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይተላለፍም። «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብለሽ ብትፈርሚ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። የምትወጪበትን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በፕሮግራም ያወጣል፤ ሲያወጣ ግን በተቻለ መጠን የሠራተኛውንም ፍላጎት ማየት አለበት። ባንቺ አነጋገር ከ30 የሥራ ቀናት በላይ ተጠራቅሞልሻል። ውዝፍ ካልሽ እውነተኛው ውዝፍ ይኸ ነው፤ ተበዳሪውም መሥሪያ ቤትሽ ነው።

የወር መጨረሻውም እንዲሁ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ለሚሠራው በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ይከፈልሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ካልተከፈለሽ ጠይቂ።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ልጨምር። «የሥራ መሪ» የሆነ ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። የሚወስነው መጠሪያው ሳይሆን የተሰጠው ሥልጣን ነው። ስለዚህ «ቡድን መሪ» የሚባለው ቦታ በመሥሪያ ቤትሽ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ሳታውቂ አትፈርሚ። የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይስጡሽ። ስሙ ከፍ ብሎ ትርፍ ሰዓትሽ ያለ ክፍያ የሚቀር ከሆነ አስቀድመሽ እወቂው።

ስለ ማስተርሱም ተገርሜያለሁ። አዲስ አበባ ብትሄጂ ምን እንደሚሆን አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ቅዳሜና እሑድሽን የበላው ሥራው አይደለም፤ እሱ ነው። ይህን ያህል ደክመሽበት አትተዪው። ጨርሺው። ሲያልቅ ሁለት ቀን በየሳምንቱ ይመለስልሻል። ያኔ ሌላ ኮርስ፣ ሌላ ሥልጠና እንዳትጨምሪበት አደራ።

እኔ ብሆን በዚህ ዙር አልሄድም ነበር። ዕድገቱን ግን አልተውም። ከሰኔ 15 በፊት አለቃሽ ዘንድ ገብተሽ እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ ከገበሬው ሳልርቅ ከፍ የምልበት ቦታ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኞቹን በስማቸው የምታውቅ ሠራተኛ በቀላሉ አትገኝም። «ሁለቴ አይመጣም» ያለሽ ሰው እሱም የሚተካሽን ፍለጋ ሊደክም ነው። ቦታ የለም ካሉሽም ዛሬውኑ የምታጪው ነገር የለም፤ ሥራሽ እጅሽ ላይ ነው። ትምህርቱ አልቆ፣ ለቤት ኪራይ የሚበቃ ደመወዝ ይዘው፣ ወደ ገበሬው የሚያስወጣ ሥራ ይዘው ከመጡ ግን ሂጂ። ያኔ ሻንጣሽን ራሴ አስርልሻለሁ።

ፈቃዱን ከበጀት መዝጊያው በኋላ ጠይቂ። ሰኔ ላይ እሺ አይሉሽም፣ እውነት አላቸው። መስከረም ጥሩ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የጦሳ ተራራ አደይ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ሁሉንም ባንዴ አትጨርሺው፤ አሥር ቀን ይበቃል። አንዱን ቀን ጓደኞችሽን ተከትለሽ ሐይቅ ሂጂ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አንዱን ቀን ደግሞ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ።

እስከዚያው ከሥራ ቀናት አንዱን ምረጪ፤ ረቡዕ ይሁን። ያን ቀን ማታ ቡናውን እናትሽ ሳትሆን አንቺ ቁዪው። የሚያፈላ ሰው ቆሞ ጠጥቶ መውጣት አይችልም። በኛ ቤት ምርቃቱ የሚመጣው በረካ ላይ ነበር፤ እናቴ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አፏን ለምርቃት ከፍታ አታውቅም።

የፈቃድ ጥያቄውን በቃል አትጠይቂ። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፤ «የ2016 እና የ2017 የዓመት ፈቃዴን ስላልተጠቀምኩ፣ ከተጠራቀመው ላይ ከመስከረም ወር ጀምሮ 10 የሥራ ቀናት እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።» ሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገሽ፣ በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስመትተሽ ቤትሽ አስቀምጪ። መልሱን ሲሰጡሽ ጻፊልኝ። የቢስቲማዋ እናት በጎች ስንት እንደደረሱም ጨምሪልኝ።