ዮጋ አስተማሪ ነኝ፣ ሰዎቹ ግን ፈዋሽ እያሉኝ ነው

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው ዛሬ ግን የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ስምንት ዓመት ነርሲንግ ሆም ሰርቻለሁ፣ ስራው አዛውንት ማንሳት ማገላበጥ ነው፣ ወገቤን ጨረሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ አቅቶኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አብራኝ የምትሰራ ልጅ ዮጋ ክላስ ጎትታ ወሰደችኝ፣ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው፣ ግን ትንፋሼን እየሰማሁ ቀስ ብዬ መንቀሳቀስ ስለምድ፣ ወራት ፈጀ እንጂ ወገቤ ተፈታልኝ። ከዛ የ200 ሰዓቱን የአስተማሪነት ኮርስ ጨረስኩ፣ አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለሀበሻ እናቶች ወንበር ላይ አስተምራለሁ፣ አስራ ምናምን ይሆናሉ፣ ሲያልቅ ቡና እንጠጣለን።

ባለፈው እሁድ አንዷ እናታችን በሁሉም ፊት "እጅሽ ፈውስ አለው፣ እዚህ መምጣት ከጀመርኩ ራሴን አዙሮኝ አያውቅም፣ የግፊት ኪኒኔንም ከተውኩ ሶስት ሳምንቴ" ብለው መረቁኝ። ሁሉም እልል አለ። ደነገጥኩ፣ ግን ጋሼ እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስም አለኝ፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ደስታ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ፍላየሩ ላይ "ፈውስ" ብለሽ ጻፊበትና አስከፍዪ ትላለች፣ እናቴ ከደሴ ደውላ ባዕድ አምልኮ ገባሽ ብላ ታለቅሳለች። ሴትዮዋን ምን ልበላቸው፣ ቢቀየሙኝስ?

ወገቧ የተፈታላት፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እህቴ፣ ይቀየሙሽ። ይሄን እንዳነበብሽ ደውዪላቸው፣ እሁድን አትጠብቂ። "እማማ፣ እኔ ኪኒን የማስቆም እውቀቱም ስልጣኑም የለኝም፣ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋር እንደውል" በያቸው። የቀረውን ለማካካስ ደርበው እንዳይውጡ፣ እንዴት እንደሚጀምሩት ሐኪሙ ይንገራቸው። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይ ግማሽ ጎናቸው ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ የለም፣ 911 ነው። ግፊት እኮ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ራስ አለማዞሩ ወርዷል ማለት አይደለም፣ የሚያሳየው መለኪያው ነው። የኔ አጎት "ግፊቱ ተወኝ" ብሎ ኪኒኑን ጥሎ ስትሮክ መታው፣ ደህና ነኝ እንዳለ ነው የወደቀው።

የአንቺ ወገብ ሌላ ነው። በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማህበር ለቆየ የወገብ ህመም መጀመሪያ ከሚሞከሩት መድኃኒት ያልሆኑ ነገሮች ውስጥ ዮጋን ቆጥሮታል፣ ስለዚህ የዳንሽው በተአምር አይደለም፣ እጅሽም ፈውስ ስላለው አይደለም። ዮጋ ግፊትንም ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ኪኒን ግን አይተካም። ደግሞ 200 ሰዓት ስትሰሚው ብዙ ይመስላል እንጂ በቀን 8 ሰዓት ለሚሰራ ሰው አምስት የስራ ሳምንት ናት።

ታዋቂውን የዮጋ አስተማሪ አያንጋርን ኮርሱ ላይ ሳትሰሚ አትቀሪም። በ1918 ህንድ ተወለደ፣ ልጅነቱን ሙሉ ሳንባ ነቀርሳ ወባ ታይፎይድ ሲፈራረቁበት ያደገ ከሲታ ልጅ ነበር፣ በ1934 የእህቱ ባል ክሪሽናማቻርያ ማይሶር ከተማ ወስዶት ነው ዮጋ የጀመረው። በኋላ ፑኔ ከተማ ሲያስተምር (ቁጡ ነበር አሉ፣ ቁጣውን አትውሰጂ) ገመዱን ቀበቶውን ጣውላውን ያመጣው ለታመመና ለደረቀ ሰውነት ነው፣ ሰውየውን ለዮጋው ቅርጽ ማጠማዘዝ ቀርቶ ቅርጹ ለሰውየው እንዲስተካከል። የአንቺም ወንበር ያው ነው፣ ጥሩ ጀምረሻል። እኔ ከፈውስ ይልቅ እሱን ነው የማከብርልሽ።

ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠይቂ፣ ግፊት አለ? ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ? በቅርብ የተሰራ ኦፕራሲዮን? ግላኮማ ያለባትን ሴት አንገቷን ወደ ታች አትድፊያት፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊት ያለባቸውን ትንፋሽ አታስይዢ፣ ከጎንበስ ሲነሱም ቀስ ይበሉ ምክንያቱም ኪኒኑ ራሱ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። ከቅዳሴ መልስ ካልሽ ደግሞ የማይረሳው ነገር ምን ቀምሰዋል የሚለው ነው፣ ኢንሱሊን የወጋች እናት ሆዷ ባዶ ሆኖ እጇን ብታስነሺያት ስኳሯ ወርዶ እጅሽ ላይ ነው የምትወድቀው። መለኪያ ማሽን ግዢ፣ የምትለኪው ግን ቡናው ሳይቀርብ ነው።

እናትሽን "ስፖርት ብቻ ነው" ብለሽ አትሸውጃት፣ ስሩ ህንድ ነው፣ ከእምነት ጋር ተያይዞ ነው የመጣው። የምትዘምሪው ነገር እንደሌለ፣ ወንበር ላይ ምን እንደምታደርጉ በቪዲዮ አሳያት፣ ከዛ የንስሐ አባትሽን ራስሽ ጠይቂ። በዚህ እኔ አልገባም።

"ፈውስ" የሚለውን ግን በፍጹም። እኛ ጋ ፈውስ ማለት ጠበል ነው፣ ጸሎት ነው፣ ሰው ሲሰማው ኪኒኑን ጥሎ ነው የሚመጣው፣ አይተሽዋል እኮ። ማስከፈሉን አስከፍዪ፣ ድካምሽ ነው። ፍላየሩ ላይ "የወንበር ዮጋ ለእናቶች፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይምጡ" በዪ። ቡና አለ ብለሽ ብትጨምሪበትም ማንም አይጠላሽም።