ፀሐይ ለምታማቸው ወጣቶች፦ ስለ እንክብሎቹ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ኤሪትሮፖየቲክ ፕሮቶፖርፊሪያ ይዟችሁ ላደጋችሁት ነው። ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ስትቆዩ እጅና ፊታችሁ ይነድዳል። ቆዳው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር የለም። በዚህ የተነሳ “አታካብድ” ተብላችሁ ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ። በቆዳ ሐኪምነቴ ደጋግሜ የሰማሁት ስለሆነ ልንገራችሁ፤ አላካበዳችሁም። ፕሮቶፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር በደማችሁ ይጠራቀማል። ብርሃን ሲያርፍበት ያቃጥላችኋል።

አሁን እንክብል በራሳችሁ የምትገዙበት ዕድሜ ላይ ደርሳችኋል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቤታ ካሮቲን ነው፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ለዚህ በሽታ ይረዳል የሚል ሪፖርት ወጣ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ግን፣ ጠንከር ባሉት ላይ ጥቅሙ እያነሰ ታየ። ቆዳን ወደ ቢጫነት መቀየሩ ብዙም አያስጨንቅም። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የፊንላንድ ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኝቷል።

ለእናንተ በእውነት የሚያስፈልገው ብዙም ወሬ የማይነሳለት ቫይታሚን ዲ ነው። ከፀሐይ ስትሸሹ ኖራችኋልና እጥረቱ የተለመደ ነው። ደማችሁን አስመርምሩ፤ መጠኑን ሐኪማችሁ ይወስን። አይረንን (የብረት ንጥረ ነገር እንክብልን) ግን በራሳችሁ አትጀምሩ። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሕመሙን ያባብሳል።

“ጉበት ያጸዳል” የሚባል ዱቄትና ቅጠላ ቅጠል ሲመጣላችሁ እባካችሁ እምቢ በሉ። ፕሮቶፖርፊሪን ከሰውነት የሚወጣው በጉበትና በሐሞት በኩል ነው። ጥቂት ሕሙማን ላይ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ለዚህ ጉበት አይጨመርለትም። የአልኮልም ነገር እንዲሁ ነው።

የትኛውም እንክብል ልብስና ጥላን አይተካም። የሚያማችሁ በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው፤ ስለዚህ በመስኮት መስታወት ያልፋል። ቆዳ ላይ የማይታየው ተራ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም አያስቆመውም። ነጭ ሆኖ የሚታየው የዚንክ ኦክሳይድ ክሬም ይሻላል። ጓንትና ሰፊ ባርኔጣ አትፈሩ።

አዋቂ ስትሆኑ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ብርሃንን እንድትቋቋሙ የሚረዳ አፋሜላኖታይድ የሚባል መድኃኒት አለ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቅደውታል። ስለ እሱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስትሄዱም የምትወስዱትን ሁሉ ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ሂዱ። የጉበት ምርመራችሁንም በየዓመቱ አድርጉ።