ያቺን መተንፈሻ ቱቦ እንዳትደፍናት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ፤ እኔም በዚችው ቱቦ ሰበብ አንድ ወር ሙሉ ተንገላትቻለሁ። «በአሮጌው መኪናዬ ከቫልቭ ክዳኑ ተነስታ ወደ አየር ፊልትሮው የምትገባው ወፍራም የጎማ ቱቦ ሥራዋ ምንድን ነው? መካኒኩ ነቅለህ ቀዳዳውን ድፈነው አለኝ» ነው ያልከው። በፍጹም አትድፈነው። ነቅለህ ክፍቱን ብትተወው ሽታውና ቅባቱ ነው የሚያስቸግርህ። ከደፈንከው ግን ሞተሩ ዘይቱን ባገኘው ክፍተት ሁሉ ይተፋልሃል።

የፒስተን ሪንግ (ፒስተኑን የከበበው ማሸጊያ ቀለበት) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። ቤንዚኑ በነደደ ቁጥር ጥቂት ጋዝ በሪንጎቹ ጎን ሾልኮ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደሚዞርበት፣ ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ሞተሩ ባረጀ መጠን የሚሾልከውም ይበዛል። መውጫ ካጣ ይታመቅና ደካማውን ቦታ መፈለግ ይጀምራል፦ የኮሎው የፊትና የኋላ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት)፣ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሳይቀር። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጉ ከቦታው ብድግ ብሎ ያገኘሁበት ቀን አለ።

ነገሩ የግፊት ብቻም አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል፤ ብዙው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን ከሚሾልከው ጋዝ ጋር ወደ ሆዱ ይገባል። ቱቦዋ ካላስወጣችው ከዘይቱ ጋር ይላቆጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍት ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ተለጥፎ የምታየው ለዚህ ነው፤ በተለይ መኪናው ሳይሞቅ የሚጠፋ፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ። ይህን ያየ ሁሉ «የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ የራዲያተር ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ይፈርዳል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ ቴስታታ ለማውረድ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ቱቦዋን እያት።

በጥንቶቹ መኪኖች ይህ ጋዝ በአንድ ቧንቧ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር። መኪናው ሲሄድ ከሥሩ የሚያልፈው ንፋስ ጋዙን ይስበዋል፤ ቆሞ ሲሠራ ግን የሚስበው ስለሌለ ጭሱ እዚያው ይታፈናል። በኋላ የአየር ብክለት ነገር ሲመጣ ጋዙን ወደ ሞተሩ መልሶ ማቃጠል ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ለካሊፎርኒያ ገበያ በተሠሩ የ1961 ሞዴሎች ተጀምሮ በ1963 ሞዴሎች አገሪቱን አዳረሰ። በዚህ አሠራር መስመሩ ላይ ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትሰጠው ዝም ብሎ ሲሠራ) ጠበብ ትላለች፣ ቤንዚን ስትሰጠው ትከፈታለች። ያንተ ወደ አየር ፊልትሮው የምትገባ ስለሆነች ቫልቭ ላይኖራት ይችላል። ታዲያ «በደንብ ይሳብ» ብለህ ያለ ቫልቭ በቀጥታ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ዕቃ) በታች ወዳለው ማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቧንቧ) እንዳታገናኛት። ሞተሩ ትርፍ አየር ይስብና ሚኒሞው ይበላሻል፣ ዘይትም አብሮ ይጠጣል።

አሁን የራሴን ልንገርህ። መኪናዬ ከኋላ፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገናኙበት ቦታ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። የኮሎው የኋላ ሲል ነው ተባለ፤ ካምቢዮ ወርዶ ተቀየረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ማንጠባጠብ ተመለሰ። «ሲሉ ፎርጅድ ነው» ተባለ፣ እንደገና ካምቢዮ ወረደ፣ እንደገና አንጠባጠበ። ቱቦዋን አላየናትም እንዳትል፤ በሁለቱም ጊዜ ነቅለን ነፍተንባታል፣ አየር ታሳልፋለች። ችግሩ የነፋንባት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ከረጅም መንገድ መጥቼ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ብከፍት ቱቦዋ መታጠፊያዋ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣብቃለች! ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። ከወራት በፊት የድሮዋ ስትሰነጠቅ ልኳ ተመሳሳይ ነው ብዬ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ቆርጬ ገጥሜ ነበር። የውሃ ቱቦ ጎማ ዘይት አይችልም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲሞቅ ይተኛል። ዘይት የሚችል ቱቦ ገጠምኩ፣ ሲሉን ሳልነካው ማንጠባጠቡ ቆመ።

ስለዚህ ያንተን ስትመረምር ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይሁን። ሚኒሞ ላይ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ስስ ወረቀት ጣል አድርግበት። በቀስታ ወደ ውስጥ ከሳባት ወይም ባለችበት ከተንቀጠቀጠች ደህና ነው። ሽቅብ ከገፋት ወይ ቱቦዋ ተዘግታለች ወይ ሪንጉ አልቋል። ለመለየት ቱቦዋን ለጊዜው ነቅለህ ድገመው፤ ግፊቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የቱቦዋ ነው። ተነቅላም ጭሱ እንደ ምድጃ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ አምቀው የሚይዙትን ግፊት) አስለካ፤ ያኔ ቱቦ መቀየር አያድንህም። መካኒክህ ድፈነው ያለህ ምናልባት ፊልትሮው በዘይት ስለራሰ ይሆናል፤ ቱቦዋ ግን መልእክተኛ ናት፣ ዘይቱን የላከው ሞተሩ ነው።

ስትነቅላት ውስጧን ወይም ጫፏ የሚሰካበትን ቦታ እይ። በአንዳንድ መኪኖች የተጠቀጠቀ የሽቦ ወንፊት ይኖራል። ቆሻሻ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ፣ እንዳትጥለው! ካርቡሬተሩ ወደ ኋላ እሳት ሲተፋ ነበልባሉ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ካለው የቤንዚን ትነት ጋር እንዳይገናኝ የሚያግደው እሱ ነው። በነጭ ጋዝ እጠበው፣ አድርቀህ መልሰው። ቮልስዋገን ጥንዚዛ ከሆነ ደግሞ ከዘይት መሙያው ወደ ታች የወረደችውን ቀጭን ቧንቧም እያት፤ ጫፏ ላይ ውሃ የምታንጠባጥብ የጎማ ምላስ አለች፣ እሷም ትደፈናለች።

የመኪናውን ዓይነት አልጻፍክም። ጻፍልንና ወረቀቷ የትኛውን እንዳደረገች ንገረን፤ እስከዚያ ካምቢዮ የሚያወርድ ሰው አታስጠጋ።