አማካይ፣ አማካኝ ወይስ መካከለኛ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የሒሳብ መምህርት ነኝ። የስታትስቲክስ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቃላቱ ያስቸግሩኛል። አንዱ «አማካይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አማካኝ»። ተማሪዎቼ ደግሞ «አማካይ ማለት መካከለኛ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። የቱ ነው ትክክሉ? ለሚዲያንና ለሞድስ የራሳችን ቃል የለንም?

መልስ፦ መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ያነሱት ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ቃሉ ከተደበላለቀ ሒሳቡም ይደበላለቃል።

ከ«አማካይ» ልጀምር። የመጣው «አማከለ» ከሚለው ግስ ነው። በአማርኛ ግሱ በ«ለ» ሲያልቅ፣ አድራጊውን ስንጠራ «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል። ከፈለ ብለን ከፋይ፣ ነቀለ ብለን ነቃይ፣ ተከለ ብለን ተካይ እንላለን። እንዲሁ አማከለ ብለን አማካይ። «ኝ» የሚመጣው ግሱ በ«ነ» ሲያልቅ ነው፦ ለመነ፣ ለማኝ፤ አመነ፣ አማኝ። ስለዚህ «አማካኝ» እንዲሆን «አማከነ» የሚል ግስ ሊኖረን ይገባ ነበር። የለንም። በድምፅ የሚቀርበው «መከነ» ነው፣ እሱም ወላድ አለመሆን ነው።

ያም ሆኖ «አማካኝ» አፍ ላይ ገብቷል። «በደላላ አማካኝነት ቤት ተከራየሁ» የሚልን ሰው አላርምም። ሰሌዳ ላይና ፈተና ላይ ግን «አማካይ» ብለው ይጻፉ።

ትርጉሙም ያግዝዎታል። «የሁሉንም ፍላጎት ያማከለ ውሳኔ» ስንል አንድም ሰው አልተተወም ማለታችን ነው። አማካይም እንደዚያው ነው። አንድም ቁጥር አይተውም። አምስት የድሬ ባጃጅ ነጂዎች በአንድ ቀን 400፣ 400፣ 500፣ 700 እና 3000 ብር አገኙ እንበል። የመጨረሻው የሰርግ ኮንትራት ይዞ የዋለ ነው። ድምሩ 5000፣ ለአምስት ሲካፈል 1000 ብር። አማካዩ ይሄ ነው። ግን አንዳቸውም ቤት 1000 ብር አልገባም። የሰርጉ ባጃጅ ብቻውን ቁጥሩን ወደ ላይ ሳበው።

አሁን ገቢያቸው በቅደም ተከተል ተደርድሯልና መሃሉን ይዩት። 500 ነው። ከግራው ሁለት፣ ከቀኙ ሁለት። ሚዲያን የሚባለው ይህ ነው። ብዙዎች «መካከለኛ» ይሉታል። እኔ አልወደውም። «መካከለኛ» በአማርኛ ደረጃ ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ እንላለን። ልጁ «መካከለኛ ገቢ» ሲባል የሚመጣለት ሀብታምም ድሃም ያልሆነ ቤተሰብ እንጂ የተደረደረ ቁጥር አይደለም። «አጋማሽ» ይሻላል ባይ ነኝ። ሥራው ግማሽ ሲደርስ «ተጋመሰ» እንላለን። የወሩ አጋማሽ እንላለን። አጋመሰ፣ አጋማሽ፦ «ሰ» ወደ «ሽ» ተለወጠ፣ ቅድም ያየነው ሕግ ነው። ለሁለት እኩል የሚከፍል ቁጥር ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም።

ለሞድ፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ደጋግሞ ለሚመጣው ቁጥር፣ «ዘውታሪ» ብዬ እመርጣለሁ፣ ከዘወተረ። «ሞድ» የሚለውን ይተዉት አልልም። ግን የከተማ ልጅ «ሞድ መያዝ» ሲል ማሾፍ ማለቱ ነውና ክፍሉ ቢስቅ አይደነቁ። ከባጃጆቹ ዘውታሪው 400 ነው፣ ሁለት ጊዜ መጥቷልና። ነጋዴ ይህን ሳይማረው ያውቀዋል። አሸዋ ገበያ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ ሴት «ለወንድ በብዛት የሚሄደው ስንት ቁጥር ነው?» ብዬ ጠይቄ «41 ነው፣ እሱን አብዝቼ ነው የማመጣው» አለችኝ። የቁጥሮቹ አማካይ 40.7 ቢሆን ምን ይፈይድላታል? እንደዚያ ያለ ጫማ የለም። «የሚሄደው» የሚለው ቃሏ ለተማሪ ከየትኛውም ፍቺ ይቀላል፣ ይዋሱት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «በአማካይ» ማለት «በግምት» ማለት አይደለም። «ከድሬ ሐረር በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ነው» ሲባል እሰማለሁ። መንገዱ አንድ ነው፣ ምኑ ከምኑ ይደመራል? «ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ» ነው የሚባለው። የጉዞው ሰዓት ግን ዛሬና ነገ ይለያያልና እሱን በአማካይ ማለት ያስኬዳል።

ሰሌዳ ላይ ሲደርሱ ስድስተኛ ባጃጅ ይጨምሩ፣ 600 ብር ያገኘ። አሁን መሃል ላይ ሁለት ቁጥር ቆመ፣ 500 እና 600። ደምረን ለሁለት እናካፍላለን፣ 550። «አጋማሹ የ500 እና የ600 አማካይ ነው» ብለው ይጻፉት። ከዚያ ሁለቱንም ቃል ያጥፉና በቦታቸው «መካከለኛ» ይተኩ፦ «መካከለኛው የ500 እና የ600 መካከለኛ ነው»። ተማሪዎችዎ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይመልሱታል።