ሞሮኮ ለምትሄጂው እህት፦ ወረቀቷን እንዳትጥያት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከስራ ስመለስ ባቡር ላይ ነው ያየሁት፣ "በታህሳስ ከእናቴ ጋር ማራኬሽን፣ ፌዝንና በረሃውን በ8 ቀን ማዳረስ እንችላለን ወይ፣ ገንዘቡስ እንዴት ይያዛል" ያልሽውን። ከስር "ጎግል አድርጊ" ያሉሽን ተያቸው። እኔ አምና በዚሁ በታህሳስ ከታላቅ እህቴ ጋር ሄጄ ነበር፣ እኔ ከፍራንክፈርት እሷ ከስቶክሆልም፣ እና አንድ ነገር አንጀቴን አሳርሮኝ ስለመጣሁ አንቺ እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ቡናሽን ያዢ።

ስለ ቪዛ ብዙ አልልም። አንቺም እንደኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው የምትሄጂው ብዬ ነው፣ ኢ-ቪዛ አለ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሞልቼ ነው የመጣልኝ። ግን እናትሽ አንቺን ሊጠይቁ በሼንገን ቪዛ የመጡ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባቸው ፓስፖርታቸው ላይ እዪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሞሮኮ ከገቡ በኋላ ወደ አንቺ ቤት መመለስ የለም፣ ከዛው ወደ አዲስ አበባ ነው።

1. ቲኬቱን ማራኬሽ ገብተሽ ከፌዝ እንድትወጪ አድርገሽ ቁረጪ። በረሃው መሃል ላይ ይውላል፣ ሄዶ መመለስ አይኖርም። እኛ 3 ቀን ማራኬሽ፣ 3 ቀን መንገድና በረሃ፣ 2 ቀን ፌዝ አደረግን፣ 8 ቀንሽ ይበቃል።

2. "በረሃ" ብሎ ለሚሸጥልሽ ሰው የቱ በረሃ ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትከፍዪ። ማራኬሽ ጀማ ኤል ፍና አደባባይ አካባቢ በየሱቁ "በረሃ 2 ቀን" የሚል ተለጥፏል፣ ርካሽ ነው፣ እህቴ ርካሽ ነገር ስታይ አይኗ ይበራል፣ "ይሄው አገኘሁ" ብላ ልትከፍል ስትል አስቆምኳት። የ2 ቀኑ የሚሄደው ዛጎራ ነው፣ እዛ ያለው አብዛኛው ጠጠርና ትንንሽ የአሸዋ ክምር ነው። አንቺ ፎቶ ላይ ያየሽው ተራራ የሚያክለው ቀይ አሸዋ መርዙጋ ነው፣ ኤርግ ሸቢ ይሉታል፣ ከፍታው 150 ሜትር የሚደርስ አለው፣ ከማራኬሽ ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በ2 ቀን ሄዶ መመለስ ሰው መግደል ነው። 3 ቀን የሆነውን፣ መጨረሻው ፌዝ የሚያወርደውን ጠይቂ፣ አለ። እዚህ ላይ እንኳን አልተበላሁም፣ ለዚህ እራሴን አመሰግናለሁ።

መንገዱ ቲዚ ንቲሽካ በሚባል 2,260 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ነው የሚያልፈው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ እናትሽ መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ ክኒናቸውን ከመነሳታቸው በፊት ይዋጡ፣ ከፊትም ይቀመጡ። በክረምታቸው በረዶ ሲጥል መንገዱን የሚዘጉበት ቀን አለ፣ እና የመመለሻ በረራሽን ከበረሃው ማግስት እንዳታደርጊው። አይት ቤን ሀዱ የሚባለውን የጭቃ መንደር ያሳዩሻል፣ ቆንጆ ነው፣ ከዛ በኋላ ሹፌሩ ምሳ ብሎ የሚያቆምበት ቤት ዋጋው እሳት ነው፣ ዳቦና ወይራ ከማራኬሽ ይዘሽ ውጪ።

ብርዱን ማንም አይነግርሽም። በረሃ ሲባል ሙቀት ነው የሚመስልሽ፣ በታህሳስ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ጥርስ ያንገጫግጫል። እህቴ ጋቢ ይዛ መጥታ ነበር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስታወጣው "አሁን ይሄ ምን ያደርጋል፣ ሻንጣ ለመሙላት ነው" ብዬ ስቄባታለሁ። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን እሷ ተከናንባ እኔ በጃኬት ስንቀጠቀጥ፣ ሻይ የሚቀዳልን የድንኳኑ ልጅ መጥቶ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አሸት አደረገና ማን እንደፈተለው ጠየቀ። እናታችን ናት የፈተለችው ስንለው ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ሐበሻ መሆናችንን ሲሰሙ ደግሞ "ቢላል! ነጃሺ!" እያሉ ሻዩን ደጋገሙልን። እህቴ እስከ ዛሬ ስለ ጋቢው ታነሳብኛለች። ጋቢ ያዢ።

3. ጾም። ታህሳስ ላይ የነቢያት ጾም ነው፣ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ አትጨነቂ፣ እህቴም ጾመኛ ናት፣ አልተራበችም። ቢሳራ የሚባል የባቄላ ሾርባ አለ፣ ወፍራም፣ በላዩ የወይራ ዘይትና ከሙን፣ ሽሮ የሚያስታውስ፣ ጠዋት ጠዋት ከትንንሽ ቤቶች ነው የሚበላው። ዛሉክ የሚሉት የደበርጃንም አለ። ታጂን የሚሉት በሸክላ ድስት የሚበስል ወጥ አለ፣ የአትክልቱን ግን ተጠንቀቂ፣ አንዳንዱ ቤት ከስጋ ጋር አብስሎ ስጋውን አውጥቶ ያቀርባል። "ያለ ስጋ" በነሱ ቋንቋ "ብላ ልሃም" ነው። እና እኔ አስተናጋጁን "ብላ ልሃም፣ ብላ ልሃም" ስለው እህቴ "ምን ብላ ትይዋለሽ፣ እኛ ነን የምንበላው፣ ደግሞ ላሙን" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

በነገራችን ላይ አረብ ሀገር ሰርተሽ ከሆነ አረብኛ እችላለሁ ብለሽ እንዳትተማመኚ። እኔ ቤሩት 5 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አረብኛዬ ውሃ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ገበያ ገብቼ "ስንት ነው" ለማለት በቤሩትኛ "አዴሽ" ስል ሰውዬው ፈገግ ብሎ በፈረንሳይኛ መለሰልኝ። የነሱ አረብኛ፣ ዳሪጃ የሚሉት፣ ሌላ ነው። "ስንት ነው" "ብሽሃል" ነው፣ "በዛ" "ብዛፍ"፣ "እሺ" "ዋኻ"፣ "በቃ" "ሳፊ"። እነዚህን አራቱን ይዘሽ ገበያ ግቢ፣ ዋጋ ሲወርድ ታይዋለሽ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ የዋጋ ቆጣሪውን እንዲያበራ "ኮንተር" በይው፣ ካላበራ ውረጂ፣ ሌላ ይመጣል።

4. ፌዝ። ስሙን ሰምተሽ አትሳቂ፣ እኔ ላይ ግን ፌዘውብኛል። አሮጌው ከተማ ጀጎልን የምታውቂ ከሆነ ያንን ብዙ ጊዜ አብዢው፣ መኪና አይገባም፣ ዕቃ የሚመላለሰው በበቅሎና በአህያ ነው፣ ከኋላሽ "ባላክ! ባላክ!" ሲሉ ዞር በይ ማለት ነው፣ ቆመሽ ካሰብሽ ጭነቱ ይገጭሻል። ቀራዊይን የሚባለውን መስጊድና ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ በ859 ያሰራችው ሴት ናት ይላሉ፣ ፋጢማ አል ፊህሪ፣ ሙስሊም ካልሆንሽ ከበር ላይ ነው የምታይው። እና ልጆች ይመጣሉ፣ "መንገዱ ዝግ ነው፣ በዚህ በኩል" ይሉሻል። ዝግ አይደለም። በጭራሽ። ተከትለሻቸው ቆዳ ፋብሪካው ጋ ያደርሱሻል፣ ሹዋራ ይባላል፣ ቆዳውን በኖራና በእርግብ ኩስ ነው የሚዘፈዝፉት፣ ሽታው እንዳይጥልሽ ናና አፍንጫሽ ስር ይሰጡሻል፣ እይታው ከሱቅ ሰገነት ላይ ስለሆነ ስትወርጂ ሱቁ ውስጥ ነሽ። እኛም ከዛ ሱቅ ወደ አጎቱ ሱቅ፣ ከአጎቱ ወደ ምንጣፍ ቤት፣ እና ዋናው ጉዴ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው፣ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ምንጣፍ ቤቱ ሻይ አመጡ፣ ምንጣፍ ዘረጉ፣ ሌላ ሻይ፣ ሌላ ምንጣፍ። እህቴ አንድ ቀይ ላይ ወደቀች። 9,000 ድርሃም ብሎ ጀምሮ እኔ በ"ብዛፍ" 5,200 አደረስኩት፣ ኮርቻለሁ እንዴ ኮርቻለሁ። ካርድ አይሰራም አለ፣ ሮጬ ሄጄ ምንዛሬ ቤት 500 ዩሮ መነዘርኩ፣ አንዱ ዩሮ በዛን ሰሞን 10 ድርሃም ተኩል አካባቢ ነበር፣ 5,250 ተሰጠኝ ከነደረሰኙ። ደረሰኟ ትንሽ ወረቀት ናት። ማስቲካ እያኘኩ ነበር፣ ጠቅልዬባት ጣልኳት። ተመልሼ ስደርስ እህቴ በስልኳ ደውላ የሳሎኗን ልክ ልጇን አስለክታ "አይገባም፣ ተይው" አለችኝ። ነጋዴው ያለንን አልተረጎምኩላትም።

በማግስቱ ኤርፖርት ነን፣ ከቀሪው ጋር 5,600 ድርሃም ቦርሳዬ ውስጥ። ድርሃም እንደኛ ብር ነው፣ ከሀገሩ ውጪ ብዙ ሰው አይፈልገውም፣ ይዘሽ መውጣትም የሚፈቀደው ለአንድ ሰው እስከ 2,000 ብቻ ነው። እና ወደ ዩሮ ልመልስ ብዬ አንድ የባንክ መስኮት ላይ ተሰለፍኩ፣ ከፊቴ ሦስት ሰው፣ ተራዬ ደረሰ፣ ብሩን በመስታወቱ ስር አስገባሁ። ሰውዬው አላየኝም። ስልኩን እያየ "ቦርድሮ" አለ። ምን? "ቦርድሮ፣ ማዳም።" በአረብኛ ጠየቅኩት፣ በፈረንሳይኛ መለሰልኝ፣ ደግሜ በአረብኛ ስጠይቀው በአንድ ጣቱ፣ በአንድ ጣቱ ነው የምልሽ፣ ብሩን ገፋ ገፋ አድርጎ መለሰልኝና ከኋላዬ ያለውን ጀርመን ጠራ። ጀርመኑ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት በስርዓት አድርጎ ይዟል፣ አሳየ፣ ዩሮውን ተቀብሎ ሄደ። እሱ ነው የገለጠልኝ፣ ቦርድሮ ማለት ለካ ስትመነዝሪ የሚሰጡሽ ደረሰኝ ነው፣ እሷን ካላሳየሽ አይመልሱልሽም። የኔ በማስቲካ ፌዝ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነች።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ሰው ሰውን እንደዛ አይገፋም። "ወረቀቱን አምጪ" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቤሩት ውስጥ ስንት ነገር አይቼ ያላለቀስኩት ሴትዮ እዛ መስኮት ላይ እንባዬ መጣ። እህቴ ደግሞ ከኋላ "ምንጣፉን በገዛን ይሻል ነበር" አትለኝም!

ለሁለት ተካፈልነው፣ 1,900 እኔ 1,900 እሷ፣ ህጉን ላለመተላለፍ። የቀረውን 1,800 እዛው አንዲት ሱቅ ውስጥ ቴምር፣ ማናችንም የማናደርገው ቢጫ የቆዳ ነጠላ ጫማና የአርጋን ዘይት ገዛንበት። ዘይቱን ፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ይበልጣል ብለው ወሰዱት።

ስለዚህ እህቴ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ መንዝሪ፣ ደረሰኙን ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ ላይ አድርጊው፣ ሱቅ ውስጥ ገብተሽ ሳትጨርሺ ለመመንዘር እንዳትሮጪ፣ እናትሽም ምንጣፍ ከወደዱ በመጀመሪያ ሳሎኑ ይለካ።

እና አንድ ነገር፣ የኔዋ 1,900 ድርሃም እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ እዚህ ከተማ ምንዛሬ ቤት የሰጡኝን ዋጋ ስሰማ ይዣት ተመለስኩ። እስከ 2,000 ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የምትሄጂበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በዕለቱ ምንዛሬ እሰጥሻለሁ፣ ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያም ድረስ አመጣልሻለሁ። ቢጫውን ጫማ ከፈለግሽ 38 ቁጥር ነው፣ እሱ በነጻ ነው።